የስፒን ጅረትን ወደ ኤሌክትሪክ ጅረት መቀየር፦ ላፕቶፕ ብቻ ላለው የጎንደር ተማሪ

ይህ መመሪያ ጎንደር ላይ ሆነው በቶፖሎጂካል ኢንሱሌተር (ገጹ ብቻ ኤሌክትሪክ በሚያሳልፍ ቁስ) ዙሪያ የማስተርስ ጽሑፍ ለሚሠሩ ነው። ፊልሙን የሚያሳድገው ማሽን ሌላ አገር ነው። ልኬቱንም የሚወስደው ሌላ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ ውጭ ያለ ጓደኛ ወይም የአማካሪያችሁ የድሮ ባልደረባ። እናንተ እጅ የሚገባው በኢሜይል የመጣ ፋይል ነው። ከዚያ ፋይል አንድ ቁጥር ታወጣላችሁ። ወደ ናሙናው ከገባው የስፒን ጅረት ምን ያህሉ ኤሌክትሪክ ሆነ? ጥያቄው ይኸው ነው። ስፒን ማለት ኤሌክትሮን እንደ ትንሽ ማግኔት ያለው አቅጣጫ ነው፤ የስፒን ጅረት ደግሞ የዚያ አቅጣጫ ፍሰት።

ስሌቱ ላፕቶፕ ላይ ያልቃል። ግን ከመጀመራችን በፊት በአንድ ነገር እንስማማ። ፋይሉ ውስጥ የቮልቴጅ ጉብታ ስለታየ ስፒን ተቀየረ ማለት አይደለም። ያው ጉብታ ከሙቀትም፣ ከማግኔቱ ከራሱም ሊመጣ ይችላል። ከታች ያለው አብዛኛው ልፋት ይህን ለመለየት ነው።

መጀመሪያ፦ ላፕቶፑን አዘጋጁ

ፓይተን፣ ነምፓይ፣ ሳይፓይ፣ ፓንዳስ እና ማትፕሎትሊብ ይበቃሉ። አናኮንዳን ካወረዳችሁ ሁሉም አንድ ላይ ይመጣሉ። ፋይሉ ከባድ ስለሆነ የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ አውርዱት። ከተጫነ በኋላ ጁፒተር ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መብራት ሲሄድና ባትሪው ሲከዳችሁ ግን የጻፋችሁት ኮድ ቢተርፍም የተሰላው ውጤት ከሚሞሪ ይጠፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ስሌት ሲያልቅ ውጤቱን ወደ ፋይል የሚጽፍ አንድ መስመር ጨምሩ።

ጥሬውን ዳታ አትንኩት። ኮፒ አድርጋችሁ ሥሩ። ፍላሽ ላይ ብቻም አትተዉት፤ የፎቶ ኮፒ ቤት ቫይረስን የማያውቅ የለም።

ነገሩ እንዴት ይሠራል?

ቶፖሎጂካል ኢንሱሌተር ሆዱ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ፣ ገጹ ግን የሚያሳልፍ ቁስ ነው። በጣም የታወቀው ቢስሙዝ ሴሌናይድ ነው። የሆዱ የኃይል ክፍተት 0.3 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። ገጹ ላይ የሚሄዱ ኤሌክትሮኖች ደግሞ አንድ ልዩ ጠባይ አላቸው። የስፒናቸው አቅጣጫ ከጉዟቸው አቅጣጫ ጋር የተቆለፈ ነው።

ከፒያሳ ወደ ማራኪ የሚሄዱ ባጃጆች ሁሉ መብራት አብርተው፣ ከማራኪ የሚመለሱት ሁሉ አጥፍተው የሚነዱ ቢሆን አስቡት። መንገዱ ላይ መብራት ያበሩ ባጃጆች ብቻ ጨምራችሁ ብትለቁ፣ ማንም ሳይገፋቸው ትራፊኩ በአጠቃላይ ወደ ማራኪ ያደላል። ስፒን ስታስገቡ ኤሌክትሪክ የምታገኙት በዚህ መንገድ ነው። ይህ ተገላቢጦሽ የኤደልስታይን ክስተት ይባላል። ቀጥተኛው፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሰድዶ ስፒን ማግኘት፣ በ1990 በኤደልስታይን የተተነበየ ነው።

ስፒኑን የምናስገባው በስፒን ፓምፒንግ ነው። ቶፖሎጂካል ኢንሱሌተሩ ላይ ስስ የማግኔት ንብርብር ይደረጋል፤ ለምሳሌ የኒኬልና የብረት ቅይጥ የሆነው ፐርማሎይ። ማይክሮዌቭ ሲለቀቅበትና ማግኔቲክ ፊልዱ ትክክለኛው ልክ ላይ ሲደርስ የማግኔቱ አቅጣጫ መሾር ይጀምራል፤ ይህ ሬዞናንስ ይባላል። ሲሾር ስፒን ወደ ጎረቤቱ ንብርብር ይተፋል። ስፒን ሲተፋ ደግሞ ራሱ ቶሎ ይደክማል። ይህ ድካም ዳምፒንግ ይባላል። ጎረቤት ያለውንና የሌለውን ማግኔት ዳምፒንግ ስናነጻጽር የተተፋውን እናውቃለን።

ሁለተኛ፦ ፋይሉን ከመክፈታችሁ በፊት ጠይቁ

ብዙ ተማሪ እዚህ ይቸኩላል። ዳታው እንደመጣ ግራፍ ይሠራል፤ የሚያስፈልገውን መረጃ የሚጠይቀው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ያኔ ናሙናው ጠፍቷል፣ የለካው ልጅም ተመርቆ ሄዷል። የሚከተለውን በመጀመሪያው ኢሜይል ጠይቁ።

የቶፖሎጂካል ኢንሱሌተሩ ውፍረት ስንት ነው? ቢስሙዝ ሴሌናይድ አምስት አምስት የአቶም ረድፍ ባላቸው ንብርብሮች ይደራረባል፤ አንዱ ንብርብር 1 ናኖሜትር ገደማ ነው። ከ6 ንብርብር በታች ከሆነ የላይኛውና የታችኛው ገጽ እርስ በርስ ይነካካሉና የገጹ ጠባይ ይበላሻል። በ2016 በይትሪየም አይረን ጋርኔት (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ማግኔት) ላይ የተሠራ ሙከራም ይህንኑ አሳይቷል። የመቀየሩ ብቃት ከ2 ንብርብር ጀምሮ እየጨመረ ሄዶ ከ6 በላይ ሲሆን ረግቷል።

ሆዱ በእርግጥ ኢንሱሌተር ነው? ስሙ እንዲያ ቢልም ቢስሙዝ ሴሌናይድ ውስጥ የሴሌኒየም አቶሞች ከቦታቸው ይጎድላሉ። እያንዳንዱ ጉድለት ኤሌክትሮን ይለቅቃል። ስለዚህ ሆዱም ያሳልፋል። ቢስሙዝ፣ አንቲሞኒ፣ ቴሉሪየምና ሴሌኒየም የተቀላቀሉባቸው ቁሶች በዚህ በኩል ይሻላሉ።

ማግኔቱ በቀጥታ ነው የተቀመጠው ወይስ መሐል ላይ ሌላ ንብርብር አለ? እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህን ነው። ብረት፣ ኒኬልና ኮባልት ከሴሌኒየም ጋር ይዋሃዳሉ። ድንበሩ ላይ ያላሰባችሁት ውሕድ ይፈጠራል። በ2016 በአልፋ ቆርቆሮ (ሌላ ቶፖሎጂካል ቁስ) ላይ የወጣው ሥራ ጥሩ ምሳሌ ነው። ብረት በቀጥታ ሲቀመጥበት የገጹ ኤሌክትሮኖች ጠባይ ጠፋ፤ መሐል ላይ ብር ሲገባ ግን ተረፈ። መሐል ላይ ምንም የለም የሚል መልስ ከመጣ ሥራው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ውጤታችሁን ስትተረጉሙ ግን አፋችሁን ሰብሰብ አድርጉ።

ማነጻጸሪያ ናሙና አለ? ማለትም ያው ማግኔት፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ውፍረት፣ ያለ ቶፖሎጂካል ኢንሱሌተሩ። ከሌለ ይሠራላችሁ ዘንድ ለምኑ። ያለ እሱ ቁጥር ማውጣት ይቻላል፤ ማመን ግን አይቻልም።

ቀሪዎቹ አጭር ናቸው። የናሙናው ስፋት፣ በሁለቱ የቮልቴጅ መንኪያዎች መካከል ያለው ሬዚስታንስ፣ የማይክሮዌቩ ፊልድ በሚሊቴስላ፣ የማግኔቱ ማግኔታይዜሽን በማግኔቶሜትር የተለካ፣ እና የሙቀት መጠን። የማይክሮዌቩ ፊልድ እንዴት እንደተለካም ጠይቁ። ስሌቱ ውስጥ የሚገባው ተባዝቶ በራሱ ነው። 10 በመቶ ከተሳሳተ የስፒን ጅረቱ 21 በመቶ ይሳሳታል።

ሦስተኛ፦ ዩኒቱን አስተካክሉ

ከፈረንሳይ ወይም ከጀርመን የመጣ ፋይል ነጥብ በሚገባበት ቦታ ኮማ ሊጠቀም ይችላል። ፓንዳስ ሲያነብ ኮማው የአስርዮሽ ምልክት መሆኑን ንገሩት። አለዚያ ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ ይቆጥረዋል። ፊልዱ በኤርስቴድ ከተጻፈ 10 ኤርስቴድ 1 ሚሊቴስላ ነው። ሁሉንም ወደ ቴስላ፣ ሜትርና አምፔር አምጡ።

አራተኛ፦ ሬዞናንሱ የት ነው?

ለእያንዳንዱ ፍሪኩዌንሲ ሬዞናንሱ የሚታይበትን ፊልድ አውጡ። ከዚያ የኪትልን ቀመር ግጠሙት፦

ፍሪኩዌንሲ በጊጋኸርዝ = 28 × √(ፊልድ × (ፊልድ + የማግኔቱ ውጤታማ ማግኔታይዜሽን))

ፊልዱም ማግኔታይዜሽኑም በቴስላ ናቸው። 28 የሚለው የጂ ፋክተር 2 ሲሆን ነው። ለጥሩ ፐርማሎይ ማግኔታይዜሽኑ 1 ቴስላ አካባቢ መምጣት አለበት። በእጅ ለማረጋገጥ፣ 1 ቴስላና 9.5 ጊጋኸርዝ ብታስገቡ ሬዞናንሱ 104 ሚሊቴስላ ላይ ይወጣል። የእናንተ ዳታ 60 ወይም 200 ካለ ወይ ዩኒቱ ተሳስቷል ወይ ማግኔቱ ያሰባችሁት ማግኔት አይደለም።

አምስተኛ፦ የመስመር ስፋት

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። የሬዞናንሱ ስፋት ሦስት ዓይነት አነጋገር አለው። አንዱ ከመሐል እስከ ግማሽ ከፍታ ያለው ግማሽ ስፋት ነው። ሁለተኛው ሙሉ ስፋት ነው፤ የመጀመሪያው እጥፍ። ሦስተኛው መሣሪያው የሲግናሉን ዴሪቬቲቭ ሲሰጥ ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ጫፍ ያለው ርቀት ነው። ይህ ሦስተኛው ከግማሽ ስፋቱ በ15 በመቶ ይበልጣል። ስለዚህ በ√3 ÷ 2 አባዝታችሁ ወደ ግማሽ ስፋት መልሱት።

የትኛው እንደተላከላችሁ ካላወቃችሁ ጠይቁ። በግምት አትለፉት። ሙሉውን ስፋት ግማሽ ነው ብላችሁ ብትወስዱ ዳምፒንጉ እጥፍ ይሆናል። የዳምፒንግ ልዩነቱም እጥፍ ይሆናል። ሰባተኛው ደረጃ ላይ ያለው የስፒን ጅረት ቀመር ግን በዳምፒንግ ስኩዌር ስለሚካፈል በግማሽ ያንሳል። መጨረሻ ላይ የመቀየሩ ብቃት እጥፍ ሆኖ ይወጣል። ግራፉ ያምራል፣ ቁጥሩ ያጓጓል፣ ነገሩ ግን ባዶ ነው።

አሁን ግማሽ ስፋቱን በሚሊቴስላ፣ ፍሪኩዌንሲውን በጊጋኸርዝ አድርጋችሁ ቀጥታ መስመር ግጠሙ። ዳምፒንጉ ማለት የመስመሩ ተዳፋት ሲባዛ በ28 ሲካፈል ለ1000 ነው። ዜሮ ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚቀረው ስፋት የፊልሙ አለመስተካከል ነው እንጂ ዳምፒንግ አይደለም። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ የተለካ ዳታ ይህን መለየት አይችልም።

ምሳሌ እንውሰድ። ማነጻጸሪያው ናሙና ተዳፋቱ 0.286 ከሆነ ዳምፒንጉ 0.008 ነው። ቶፖሎጂካል ኢንሱሌተር ያለው 0.464 ከሆነ 0.013 ነው። ልዩነቱ 0.005። ይህን ልዩነት በሙሉ ለስፒን ፓምፒንግ መስጠት ግን ቸርነት ነው። ድንበሩ ላይ የተፈጠረ ውሕድ፣ የገጹ መጎርበጥ፣ የሞተ የማግኔት ንብርብር፣ ሁሉም ዳምፒንግ ይጨምራሉ። መስመሩ ቀጥ ከማለት ይልቅ ከጎበጠ ጥርጣሬያችሁን አጥብቁ።

ስድስተኛ፦ ቮልቴጁን አጥሩ

የቮልቴጁ ጉብታ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ በሬዞናንሱ ግራና ቀኝ እኩል የሆነ፣ ሌላው በአንድ በኩል ወደ ላይ በሌላው ወደ ታች የሚሄድ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ በሳይፓይ ግጠሙ። የስፋቱንና የሬዞናንሱን መነሻ ግምት ከአራተኛውና ከአምስተኛው ደረጃ ውሰዱ፤ አለዚያ መግጠሙ ይዋልላል።

ከስፒን የሚመጣው ቮልቴጅ ያለው በእኩሉ ክፍል ውስጥ ነው። ግን ብቻውን አይደለም። ፐርማሎይ ኤሌክትሪክ ያሳልፋልና ማይክሮዌቩ በውስጡ ጅረት ይነዳል። ማግኔቱ ሲሾር ሬዚስታንሱ ይለዋወጣል። ሁለቱ ሲባዙ ቀጥተኛ ቮልቴጅ ይወጣል። ይህ በሁለቱም ክፍሎች ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የሚከተሉትን ፍተሻዎች አድርጉ።

ፊልዱ ሲገለበጥ የተለካውን ዳታ ውሰዱ። ከስፒን የሚመጣው ቮልቴጅ ምልክቱን ይቀይራል። ተራው የሙቀት ቮልቴጅ አይቀይርም። ሁለቱ ተቀንሰው ለ2 ሲካፈሉ የማይቀየረው ይወገዳል። አኖማለስ ኔርንስት የሚባለው የሙቀት ቮልቴጅ ግን ፊልዱ ሲገለበጥ አብሮ ይገለበጣል። እሱን የሚይዝላችሁ ማነጻጸሪያው ናሙና ነው።

ማነጻጸሪያውን ስትቀንሱ ቮልቴጅ ከቮልቴጅ አትቀንሱ። የሁለቱ ናሙናዎች ሬዚስታንስ ይለያያል። መጀመሪያ እያንዳንዱን ቮልቴጅ ለሬዚስታንሱና ለናሙናው ስፋት አካፍሉ፣ ከዚያ ቀንሱ። የማይክሮዌቩ ኃይል እኩል ካልሆነም ለኃይሉ አካፍሉ።

ቮልቴጁ ከማይክሮዌቩ ኃይል ጋር በቀጥታ መስመር ማደግ አለበት። ከጎበጠ ኃይሉ በዝቷል፤ ዝቅተኛውን ተጠቀሙ። የቮልቴጁ መንኪያዎች ከፊልዱ ጋር ቀጥ ብለው 90 ዲግሪ መቆማቸውንም አረጋግጡ። ስፒኑ በፊልዱ አቅጣጫ ነው፣ ጅረቱ ደግሞ ለእሱ ተሻጋሪ ነው። ናሙናው ሲዞርና መንኪያዎቹ ከፊልዱ ጋር ሲተያዩ ከስፒን የሚመጣው ወደ ዜሮ መውረድ አለበት።

ይህን ሁሉ ጣጣ ለመቀነስ የሚፈልጉ ሰዎች ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ማግኔት ይጠቀማሉ። ከላይ ያነሳሁት ይትሪየም አይረን ጋርኔት አንዱ ነው። ከሬዚስታንስ መለዋወጥ የሚመጣው ቮልቴጅ ከማግኔቱ አይወጣም፤ ጅረቱም በእሱ በኩል አያመልጥም። ምርጫው የእናንተ ከሆነ እሱን ጠይቁ።

ሰባተኛ፦ የስፒን ጅረቱን አስሉ

መጀመሪያ ድንበሩ ስፒን የሚያሳልፍበትን ልክ፣ ማለትም ስፒን ሚክሲንግ ኮንዳክታንስን፦

4 × ፓይ × ማግኔታይዜሽን × የማግኔት ውፍረት × የዳምፒንግ ልዩነት ÷ (2 × ቦር ማግኔቶን)

ማግኔታይዜሽኑ እዚህ በአምፔር በሜትር ነው። 800,000 አምፔር በሜትር፣ 10 ናኖሜትር ውፍረትና 0.005 ልዩነት ስታስገቡ 2.7 × 10¹⁹ በስኩዌር ሜትር ይወጣል። 10¹⁸ እና 10²⁰ መካከል ከሆናችሁ ቀጥሉ። ከዚያ ከራቃችሁ ወደ አምስተኛው ደረጃ ተመለሱ።

የስፒን ጅረቱ ቀመር ረጅም ነው። ቆራርጣችሁ ጻፉት፦

ሀ = ጋማ × ማግኔታይዜሽን በቴስላ
ለ = 4 × ፓይ × ፍሪኩዌንሲ በኸርዝ
ሐ = (ሀ + √(ሀ² + ለ²)) ÷ (ሀ² + ለ²)
መ = (ጋማ × የማይክሮዌቩ ፊልድ በቴስላ)²
የስፒን ጅረት = 2 × የኤሌክትሮን ቻርጅ × ሚክሲንግ ኮንዳክታንስ × መ × ሐ ÷ (8 × ፓይ × ዳምፒንግ²)

ጋማ፣ ማለትም የኤሌክትሮኑ ጋይሮማግኔቲክ ሬሾ፣ 1.76 × 10¹¹ በሰከንድ በቴስላ ነው። እዚህ የሚገባው ዳምፒንግ ቶፖሎጂካል ኢንሱሌተር ያለው ናሙና፣ 0.013፣ ነው። የማይክሮዌቩ ፊልድ 0.1 ሚሊቴስላ፣ ፍሪኩዌንሲው 9.5 ጊጋኸርዝ ከሆነ ውጤቱ 5.4 ሚሊዮን አምፔር በስኩዌር ሜትር ነው። ኮዳችሁ ይህን ቁጥር ካልሰጠ ወደ እውነተኛው ዳታ አትሂዱ።

ስምንተኛ፦ የመቀየሩን ብቃት

የጸዳው ቮልቴጅ 11 ማይክሮቮልት፣ ሬዚስታንሱ 50 ኦም፣ የናሙናው ስፋት 0.4 ሚሊሜትር ይሁን። ጅረቱ 0.22 ማይክሮአምፔር ነው። ለስፋቱ ሲካፈል 0.00055 አምፔር በሜትር ይሆናል። ይህን ለስፒን ጅረቱ ስታካፍሉ 0.1 ናኖሜትር ታገኛላችሁ። ላምዳ የሚባለው ይህ ነው።

ብቃት በርዝመት መለካቱ አይደንቃችሁ። ስፒኑ የሚገባው በሙሉው ወለል ነው፣ በስኩዌር ሜትር። ኤሌክትሪኩ የሚሄደው ግን በገጹ ላይ ብቻ ነው፣ በሜትር።

0.1 ናኖሜትር ጥሩ ነው? ከተለካው ጋር አስተያዩት። በ2013 በብርና ቢስሙዝ ድንበር ላይ እስከ 0.3 ናኖሜትር ገደማ ተገኝቷል። በ2016 በአልፋ ቆርቆሮ ላይ፣ በክፍል ሙቀት፣ 2.1 ናኖሜትር። ፕላቲነም ደግሞ ቶፖሎጂካል ነገር የለበትም፤ ግን የስፒን ሆል አንግሉ (ስፒን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀየርበት ሬሾ) ስፒኑ ሳይጠፋ ከሚጓዘው ርቀት ጋር ሲባዛ 0.2 ናኖሜትር አካባቢ ይመጣል። ማለትም የምሳሌያችን ናሙና ከተራ ፕላቲነም አልበለጠም። ይህን በጽሑፋችሁ ላይ በግልጽ ጻፉት። ቶፖሎጂካል የሚለው ስም ውጤቱን አያሳድገውም።

አንድ ፍተሻ ይቀራል። ለቶፖሎጂካል ገጽ ላምዳ ማለት የኤሌክትሮኑ ፍጥነት ሲባዛ በመበተኛ ጊዜው ነው። ለቢስሙዝ ሴሌናይድ ፍጥነቱ 500,000 ሜትር በሰከንድ ገደማ ነው። 0.1 ናኖሜትር ለዚህ ሲካፈል 0.2 ፌምቶሰከንድ ይሆናል። ይህ በጣም አጭር ነው። ወይ ገጹ ላይ የተቀመጠው ማግኔት ኤሌክትሮኑን ወዲያው ይበትነዋል፣ ወይ ከስፒኑ ብዙው ሆዱ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ በተለያየ ውፍረት የተሠሩ ናሙናዎች ናቸው። አንድ ናሙና ብቻ ካላችሁ ሁለቱንም አማራጮች አስቀምጡ።

ዳታው በተቃራኒው አቅጣጫ ከሆነ

የተላከላችሁ ኤሌክትሪክ ተሰድዶ ማግኔቱን ያንቀጠቀጠበት ልኬት ሊሆን ይችላል። በ2014 በቢስሙዝ ሴሌናይድና ፐርማሎይ ላይ የታተመው ታዋቂ ሥራ ይህን መንገድ ተጠቅሞ በክፍል ሙቀት ከ2 እስከ 3.5 የሚደርስ የስፒን ቶርክ ሬሾ (ጅረቱ በስፒን ማግኔቱን የሚገፋበት ብቃት) አግኝቷል። ሰው ሁሉ ወደዚህ ቁስ የሮጠው ያኔ ነው፤ በትንሽ ጅረት የሚጻፍ የማግኔት ሚሞሪ ፍለጋ።

እዚህም እኩልና እኩል ያልሆነ ክፍል ይለያል። እኩሉ ከስፒን ነው፤ እኩል ያልሆነው ጅረቱ ከሚፈጥረው ተራ ማግኔቲክ ፊልድ ነው ይባላል። የሁለቱ ሬሾ ስለሚወሰድ ማይክሮዌቩን በትክክል መለካት አያስፈልግም፤ ለዚህም ይወደዳል። ችግሩ ስፒኑ ራሱ ፊልድ የሚመስል ግፊት ከፈጠረ እኩል ባልሆነው ክፍል ውስጥ ተደብቆ ይገባል፤ ያኔ ሬሾው ያታልላል። ስለዚህ የማግኔቱ ውፍረት የተለያየ ቢያንስ ሦስት ናሙና ጠይቁ። ሬሾው የሚሰጠው ብቃት ከውፍረት ውፍረት ከተቀያየረ ሬሾውን ትታችሁ እኩሉን ክፍል ለብቻው፣ በተለካ የማይክሮዌቭ ጅረት አስሉት።